ስም ከመስጠታችሁ በፊት ዛጎሉን አገላብጡት

ውድ ልጆቼ፣

የባሕር ወለል ፎራሚኒፌራን መለየት ልትማሩ ማይክሮስኮፕ ፊት ለተቀመጣችሁ ይህን እጽፋለሁ። ፎራሚኒፌራ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው፤ አብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሆኖም ብዙው ዛጎሉን ክፍል በክፍል እየጨመረ ስለሚሠራው፣ ዕድገቱ ከመጀመሪያዋ ክፍል እስከ መጨረሻዋ እዚያው ተጽፎ ይቀራል። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ናሙናውን ከሥዕል ጋር አስተያይታችሁ «ይህን ይመስላል» በማለት ስም አትስጡ። መጀመሪያ ያያችሁትን በቃላት ጻፉ፣ ስሙን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።

መምሰል ምን ያህል እንደሚያሳስት የዘርፉ አጀማመር ራሱ ያስተምራል። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልሲድ ዶርቢኒ እ.ኤ.አ. በ1826 ለእነዚህ ፍጥረታት የዛሬ መጠሪያቸውን ሲያወጣላቸው፣ የተጠቀለለው ዛጎላቸው ናውቲለስ የተባለውን የባሕር እንስሳ ዛጎል ስለመሰለው ከኦክቶፐስና ከስኩዊድ ዘመዶች ጋር መድቧቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 ፌሊክስ ዱዣርደን ሕያዎቹን ተመልክቶ እጅግ ቀላል አካል ያላቸው ፍጥረታት መሆናቸውን አሳየ። ዶርቢኒ ደካማ ተመልካች አልነበረም፤ ሥራው እስከ ዛሬ መሠረት ነው። የውጭ ቅርጽ ብቻውን ግን እሱንም አሳስቶታል።

ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማይክሮስኮፑ ላይ ሳይሆን ናሙናው ሲያዝና ሲታጠብ ነው። ሕያዋኑን ከሙታኑ መለየት የምትፈልጉ ከሆነ ከደለሉ ላይ የላይኛውን 1 ሴንቲ ሜትር ውሰዱ፤ ከአንድ ቦታም ቢያንስ ሦስት ናሙና ይኑራችሁ። በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ግራም ሮዝ ቤንጋል የተባለ ማቅለሚያ በተሟሟበት፣ ጥንካሬው ከ70 በመቶ በማያንስ ኢታኖል ውስጥ ቢያንስ 14 ቀን ይቆይ። ሌላው የናሙና ማቆያ ፎርማሊን አሲድነቱ ካልተገታ እየቆየ ወደ አሲድነት ያደላል፤ አሲድ ደግሞ የካልሲየም ካርቦኔት ዛጎልን ይበላል። ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃም ዛጎልን ስለሚያሟሟ የታጠበ ናሙናን በውስጡ ማሳደር አይገባም። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጭን ግድግዳ ያላቸው ናቸው፤ እናንተም «እዚህ ቦታ አይኖሩም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

እጥበቱ በ63 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ወንፊት ይሁን፤ ለቆጠራ የ125 ማይክሮኑን ለይታችሁ ያዙ። ትንንሾቹን፣ ለምሳሌ ብዙ የቦሊቪና ዝርያዎችን፣ ትልቁ ወንፊት ስለሚያሳልፋቸው ከ63 እስከ 125 ያለውን አትጣሉት። በውሃው ጉልበት አትግፉ፤ በጣት መፍተግም ክልክል ነው። ወንፊቱን ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው ስታሻግሩ በሜቲሊን ብሉ ንከሩት። ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ የቀረ ዛጎል ሰማያዊ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ናሙና ውስጥ ሰማያዊ ዛጎል ካያችሁ እንግዳ መሆኑን ታውቃላችሁ። ማድረቂያው ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አይለፍ። ለስላሳ ግድግዳ ያላቸው ባለ አንድ ክፍል ዝርያዎች ሲደርቁ ተጨማደው ቅርጻቸው ስለሚጠፋ፣ እነሱን ከመድረቁ በፊት በውሃ ውስጥ እንዳሉ ልቀሙ።

ስለ ሮዝ ቤንጋል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀለሙ የሚይዘው ፕሮቲን እንጂ ሕይወት አይደለም። የሞተው አካል በዛጎሉ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ባዶ ዛጎል ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ወይም ትል እንዲሁ ይቀላል። «ሕያው ነበር» የሚባለው ከመጨረሻዋ ክፍል ወይም ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቀር ሌሎቹ ክፍሎች በደማቅ ሮዝ የተሞሉለት ናሙና ነው። ሐመር ነጠብጣብ ወይም አፉ ላይ ብቻ የተጣበቀ ቀለም አይበቃም። ግድግዳው ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ በውሃ አርሱት፤ ያም ካልረዳ ከዚያው ዓይነት ተደጋጋሚ ናሙናዎች አንዱን ሰብራችሁ ውስጡን እዩ።

ለቀማው ላይ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ጥቁር መልቀሚያ ሳሕን ላይ ደለሉን በስሱ ነስንሱ፤ ቅንጣት በቅንጣት ላይ ከተደረበ አይታይም። ቁጥሩ ሦስት ዜሮ የሆነ ቀጭን ብሩሽ ጫፉን በውሃ አርጥባችሁ ዛጎሉን ንኩት፣ ተጣብቆ ይነሣል። ወረንጦ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ያደቅቃል፣ ወይም ያስፈነጥራል። ከሳሕኑ ካሬዎች አንዱን ከጀመራችሁ ሳትጨርሱት ወደ ሌላው አትለፉ። የተለመደው ቁጥር 300 ያህል ነው። ደለሉ ብዙ ሲሆን በመክፈያ መሣሪያ እኩል ከፋፍላችሁ አንዱን ክፋይ ጨርሱ። 300 ሲሞላ መሐል ላይ ማቋረጥ ትልልቆቹንና የሚያማምሩትን ቀድሞ ያነሣ ለቃሚ ቆጠራውን እንዲያዛባ ያደርገዋል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ቤት ቃል በቃል ይደርሳል፤ የፈሰሰውን መልሶ መልቀም ግን አይቻልም።

ፎራሚኒፌራ ያልሆነውን ማወቅም ከሥራው ነው። ኦስትራኮድ እንደ ባቄላ ያለ፣ በሁለት ክዳን የተሠራ፣ ክፍል የሌለው ዛጎል አለው። የሕፃን ቀንድ አውጣ ዛጎል ይጠቀለላል፣ ውስጡ ግን ያለ ግድግዳ ወጥ ቱቦ ነው። ከላይ ከውሃው የዘነቡት ተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራም ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ እንደ ፊኛ ያበጡ ጥቂት ክፍሎችና ሻካራ፣ በጉልህ የተበሳ ገጽ አላቸው። እነዚህን ለብቻ ቁጠሩ እንጂ ከወለል ነዋሪዎቹ ጋር አትቀላቅሉ።

አሁን ወደ መለየቱ እንግባ። ቅደም ተከተሉ ግድግዳ፣ የክፍሎች አደራደር፣ አፍ፣ በመጨረሻ ጌጥ ነው። ጀማሪ ሁሉ ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ዓይን የሚስበው ጌጡ ነውና።

ግድግዳው ከአሸዋና ከጭቃ ቅንጣት ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ ቅንጣቶቹ በጎን ብርሃን ይለያሉ፤ ሪኦፋክስና ቴክስቱላሪያ ከዚህ ዓይነት ናቸው። እንደ ሸክላ ዕቃ ነጭና የሚያበራ፣ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ሚሊዮሊድ የተባለው የፎራሚኒፌራ ቡድን ግድግዳ ነው። እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍና በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ አሞኒያ፣ ኤልፊዲየም፣ ቡሊሚና፣ ዩቪጀሪና እዚህ ይገባሉ። ችግሩ አርጅቶ የተፋቀ ወይም በከፊል የሟሟ የመስተዋት ግድግዳ እሱም ነጭ መምሰሉ ነው። ስትጠራጠሩ ብርሃኑን ከሥር ስደዱ፤ የሸክላው ዓይነት ቡናማ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ያልተለየ የአሸዋ ግድግዳ ሲገጥማችሁ ከተደጋጋሚዎቹ አንዱን በብርጭቆ ስላይድ ላይ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጣሉበት። ሙሉ በሙሉ ከሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አረፋ አውጥቶ ወደ ቅንጣት ከተበተነ ማጣበቂያው ካርቦኔት ነበር፤ ምንም ካልሆነ ማጣበቂያው ከሕያው አካሉ የወጣ ነው። ይህን ከማይክሮስኮፑና ከሌሎቹ ናሙናዎች ርቃችሁ ሥሩ።

አደራደሩን ለማየት ዛጎሉ ቢያንስ ከሦስት ጎን መታየት አለበት፤ ከሁለቱ ገጽና ከጠርዙ። አንድ ገጽ ብቻ አይቶ ስም መስጠት ከስሕተቶች ሁሉ የበዛው ነው። አሞኒያን ውሰዱ፦ በአንዱ ገጽ ጥምዝምዙ ሁሉ ከመጀመሪያዋ ክፍል ጀምሮ ይታያል፤ በሌላው ገጽ የመጨረሻው ዙር ብቻ። ኤልፊዲየም ግን በአንድ ጠፍጣፋ ስለሚጠመዘዝ ሁለቱም ገጾቹ አንድ ናቸው። ስፌቶቹ፣ ማለትም ክፍሎቹ የሚጋጠሙባቸው መስመሮች፣ ካልታዩ አንድ ጠብታ ውሃ ወይም ግሊሰሪን አድርጉ፤ የመስተዋቱ ግድግዳ ይከፈትና ውስጡ ይገለጣል። በምግብ ቀለም ቀለል አድርጎ መቀባትም ስፌቱን ያጎላል።

በሚሊዮሊዶች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ኩዊንኩዌሎኩሊና እያንዳንዷን አዲስ ክፍል ከቀደመችው በ144 ዲግሪ አዙሮ ያስቀምጣል። ስለዚህ ከውጭ አምስት ክፍሎች ይታያሉ፤ ከአንዱ ሰፊ ገጽ አራት፣ ከሌላው ሦስት። ትራይሎኩሊና በ120 ዲግሪ ስለሚያዞር ሦስት ይታያሉ፤ ፒርጎ በ180 ዲግሪ፣ ሁለት ብቻ። እንግዲህ ባለ ሦስት ክፍሉን ገጽ ብቻ አይቶ ኩዊንኩዌሎኩሊናን «ትራይሎኩሊና» ማለት ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ ማገላበጥ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ረቂቅ ነው፦ ትራይሎኩሊናና ፒርጎ በልጅነታቸው በአምስቱ አደራደር ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ትንሽ ናሙና ብቻውን ወገኑን (ጂነሱን) አያስረግጥም። ከዚያው ናሙና ትልልቆቹን ፈልጋችሁ ሰንሰለቱን ከልጅ እስከ አዋቂ ደርድሩት። አፉ ውስጥ ያለውን ጥርስም መዝግቡ፤ ነጠላ ዘንግ ነው፣ ጫፉ ሹካ ነው፣ ወይስ እንደ ምላስ ሰፊ?

ስለ አፍ ከተነሣ፦ የመጨረሻዋ ክፍል በጣም ቀጭን ስለሆነች ብዙ ጊዜ ተሰብራ ትገኛለች። ያን ጊዜ «አፍ» ብላችሁ የምትስሉት ክፍልን ከክፍል የሚያገናኘውን የውስጥ በር ነው። የዩቪጀሪና አፍ በአጭር አንገት ጫፍ ላይ ነው፤ አንገቱ ሲሰበር ሌላ ፍጥረት ይመስላል። ከአንድ ዝርያ ቢያንስ አሥር ያህል ያልተሰበሩ ናሙናዎች ጎን ለጎን ሳታዩ የአፍን ቅርጽ አትወስኑ።

መጠንም ያታልላል። በብዙ ዝርያዎች ሁለት መልክ አለ፦ የመጀመሪያ ክፍሉ ትልቅ ሆኖ ዛጎሉ ሲያድግ አነስ የሚል፣ እና የመጀመሪያ ክፍሉ እጅግ ትንሽ ሆኖ ዛጎሉ የሚገዝፍ። ሁለቱ በፆታዊና ፆታዊ ባልሆነ መንገድ የሚፈራረቅ የአንድ ዝርያ ትውልድ ናቸው። ይህ ሳይታወቅ እንደ ሁለት ዝርያ የተሰየሙ አሉ።

ጌጡን፣ ማለትም መስመሩን፣ እሾሁን፣ ጉብታውን በመጨረሻ ያኖርኩት ከሁሉ የበለጠ ስለሚለዋወጥ ነው። አንዱ እሾሃም፣ ሌላው ለስላሳ ሆኖ በመሐላቸው ያለው ደረጃ ሁሉ ከተገኘ ሁለት ዝርያ አለ ለማለት አትቸኩሉ። ግን ተቃራኒውም እውነት ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 «ናውቲለስ ቤካሪ» ያለው፣ ዛሬ አሞኒያ ቤካሪ የምንለው ስም፣ ለረጅም ዘመን በዓለም ዳርቻ ሁሉ ለተገኘ ተመሳሳይ ዛጎል ተሰጠ። የዘረመል ጥናት ሲመጣ በአንድ ስም ሥር በርካታ የተለያዩ ዝርያዎች ተገኙ። አንዳንዶቹን ለመለየት የረዳው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚለካው የግድግዳ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ማንም ልብ የማይለው ነገር። ለዘረመል ሥራ የምትልኩትን ናሙና አስቀድማችሁ ከሦስት ጎን ፎቶ አንሡት፤ ዘረመሉ ሲወጣ ዛጎሉ ሊጠፋ ይችላልና። ፎርማሊን የነካው ናሙና ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

መግለጫችሁ ካለቀ በኋላ ስሙን ስትፈልጉ የመጀመሪያውን መግለጫና ሆሎታይፑን፣ ማለትም ስሙ የተሰጠበትን ናሙና፣ መነሻ አድርጉ። ከቻሌንጀር የምርምር ጉዞ ናሙናዎች ተነሥቶ ሄንሪ ብራዲ እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተማቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ ድንቅ ናቸው፤ ከሥራቸው ያሉት ስሞች ግን ብዙዎቹ ተለውጠዋል፣ ስለዚህ ሥዕሉን እንጂ ስሙን እንዳለ አትቅዱ። ከወገን በላይ ያለው ምደባም ተንቀሳቅሷል። ሎብሊችና ታፓን እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረቡት ሥርዓት ግድግዳ ትልቁ መለያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀረበው በዘረመል ላይ የቆመ ምደባ ባለ ብዙ ክፍሎቹን ግሎቦታላሚያና ቱቦታላሚያ ብሎ በሁለት መደብ ይከፍላል፤ አንዳንድ የአሸዋ ግድግዳ ያላቸው ከመስተዋቶቹ ጋር፣ ሌሎቹ ከሚሊዮሊዶች ጋር ተመድበዋል። የተከተላችሁትን ሥርዓት በጽሑፋችሁ ግለጹ።

ዝርያው ካልተረጋገጠ «ሲኤፍ» (cf.፣ «አነጻጽር» ማለት ነው) ብላችሁ ከሚቀርበው ስም ጋር አነጻጽሩት፤ ወገኑ ብቻ ከታወቀ በዚያ ቁሙ። ባልተረጋገጠ ስም የተሞላ ዝርዝር ከሌሎች ሥራ ጋር ተደምሮ የዝርያውን ስርጭት ካርታ ያበላሻል፤ ኋላ ማንም ነቅሶ ማውጣት አይችልም።

የለያችኋቸውን ዛጎሎች ባለ ቁጥር ስላይድ ላይ በውሃ በሚለቅ የትራጋካንት ሙጫ አጣብቁ፤ ሌላ ሰው አንሥቶ ሊያገላብጣቸው ይገባል። ከእንጨት ሳጥንና ከርካሽ ካርቶን የሚወጣ የአሲድ ትነት ዛጎሉን በዓመታት ውስጥ ነጭ ዱቄት ያደርገዋልና ማስቀመጫውን ምረጡ። ጥልቀቱን፣ መገኛውን፣ የወንፊቱን መጠን፣ ቀኑንና የለየውን ሰው ስም በእርሳስ ጻፉ። ስሙን ስታርሙ የቀድሞውን አትፋቁ፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አዲሱን ከጎኑ፣ ከታረመበት ቀን ጋር ጻፉት።