ያ ልጅ ለምን እንዳላነበበ

ባለፈው ሰሞን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ይዘን ቁጭ ብለን አንዲት ወጣት መምህርት «ጋሼ፣ የሰባተኛ ክፍል ወንዶች ምን ነካቸው? ስጠይቃቸው ይዘጉኛል» አለችኝ። «ጠበቅ አድርገሽ ያዢያቸው» አልኳት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእሷም ለእናንተም የምጽፈው ለዚህ ነው።

1989 ዓ.ም.፣ ኅዳር ነው። አማርኛ አስተምር ነበር። ጅማ ላይ ኅዳር ማለት ቡና ለቀማ ነው፤ ግማሹ ልጅ ይቀራል፣ የመጣውም ያንቀላፋል። በየደጁ የተሰጣው ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ሽታው ክፍላችን ድረስ ይገባ ነበር፣ ዛሬም ሲሸተኝ ትዝ የሚለኝ ያ ክፍል ነው። ከጅሬን በኩል በእግሩ የሚመጣ ልጅ ነበረኝ። ጎበዝ አንባቢ። አምና ምንባብ ሲኖር ቀድሞ እጁን የሚያወጣው እሱ ነበር። ያን ቀን «ተነስና አንብብ» ስለው አቀረቀረ። ደገምኩለት። ተነሳ፣ አንድ መስመር ጀመረ፣ ድምፁ ጎርነን ብሎ ወጣና መሃል ላይ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ክፍሉ አውካካ። ቁጭ አለ።

«አንብብ!»

«አላነብም።»

ንቀት መሰለኝ። ሰሌዳው ሥር አንበረከክኩት፣ እስከ ደወል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለነበር የቀላው ጆሮው ብቻ ይታየኝ ነበር። በማግስቱ ቀረ። ለቀማ ነው ብዬ ተውኩት። ጥር ገባ፣ ለቀማው አለቀ፣ እሱ አልተመለሰም። ቤቱ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። አልሄድኩም።

የገባኝ ከዓመታት በኋላ የራሴ ልጅ 13 ሲሞላው ነው። ስልክ ማንሳት አቆመ፤ የደወለው ሁሉ አንዴ ከእናቱ፣ አንዴ ከእኔ ጋር ያምታታው ነበር። በዚያ ዕድሜ የወንድ ልጅ ማንቁርት ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። አዲሱን ድምፅ እስኪለምደው ወራት ይፈጅበታል። ሴቶቹ ደግሞ በአማካይ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቀድመው መጎርመስ ስለሚጀምሩ፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቁመታቸው በልጦት አጠገቡ ሲቆሙ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ልጅ አይቆጡትም የሚባለውን አልቀበልም። የዛሬዎቹማ ስልካቸውን አቀርቅረው እያዩ ሰላምታም ይረሳሉ፣ መገሰጽ አለባቸው። በሰው ፊት ግን አይደለም። ለብቻው ጥሩት። እሱም ቢሆን፣ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ዓይን ዓይኑን ካያችሁት መልሶ ይዘጋችኋል። ደብተር አሸክሙትና እስከ ስታፍ አብራችሁ ሂዱ፤ ጎን ለጎን ሲሄድ ያወራል። ድምፁ እስኪረጋ ከጎኑ ላለው ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብለት።

የእኔ መምህርት፣ ጠበቅ አድርጊ ያልኩሽን ተይው። ያ ዝም ያለው ልጅ ሁለት ቀን ከቀረብሽ ለቀማ ነው ብለሽ አትለፊው። ቤቱ ሂጂ።