«ኳሷን የት ትፈልጋለች?»

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። ልጄ አምስት ዓመቱን ይዟል። አጸደ ሕፃናቱ የመጡ ባለሙያዎች በሁለት አሻንጉሊቶች «የማኅበራዊ ግንዛቤ» ፈተና ሰጥተውት «የሰው ሐሳብ አይገባውም፣ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። እሱ አቀርቅሮ ዝም ብሎ ቆየና በመጨረሻ ሳጥኑን በጣቱ አሳየ። ቤት ግን ዳቦውን ጋቢ ሥር ደብቆ ለታናሽ እኅቱ «ድመት በላችው» የሚል ልጅ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የዳቦውን ነገር ለሚያየው ሐኪም አስቀድመው ይንገሩ። ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን ፈተናው ሊለካ የፈለገው እሱኑ ነው፤ እኔ የማውቀውን ሌላው ላያውቅ እንደሚችል መረዳትን።

ፈተናው እንዲህ ነው። አልማዝ የተባለችው አሻንጉሊት ኳሷን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። ሌላዋ ወደ ሳጥን ታዛውረዋለች። አልማዝ ስትመለስ ወዴት ትሄዳለች? ኳሱ ሲዛወር ስላላየች ትክክለኛው መልስ «ወደ ቅርጫቱ» ነው፤ ብዙ ልጆች ይህን ማለት የሚጀምሩት ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ1985 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የታወቀ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ ተሳስተዋል፤ 4ቱ ግን በትክክል መልሰዋል። የእድገት ችግር ከሌለባቸው 27 ልጆችም 4ቱ ተሳስተዋል። ስለዚህ በዚህ አንድ ጥያቄ ኦቲዝም አለበት ወይም የለበትም አይባልም።

«አምስት ይዟል» ማለትዎ ራሱ ነገር አለው። አምስተኛውን ከያዘ የሞላው አራት ነው። ባለሙያው 5 ብሎ መዝግቦ ከሆነ ልጅዎ የተወዳደረው ከታላላቆቹ ጋር ነው። የልደት ቀኑን ከክትባት ካርዱ አይተው ዕድሜው በወር እንዲቆጠር ያድርጉ።

ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው የጥያቄውን አማርኛ ነው። «አልማዝ ኳሷን የት ትፈልጋለች?» ተብሎ ከሆነ ልጁ «የት እንዲሆንላት ትፈልጋለች» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ «መፈለግ» በእኛ ቋንቋ ሁለቱንም ነው። «የት ያለ መስሏት ነው የምትሄደው?» ቢባል ደግሞ «መስሏት» የሚለው ቃል ራሱ መሳሳቷን ይነግረዋል፤ ያልገባውም ልጅ ያልፋል። የተሻለው «ኳሷን ለማውጣት መጀመሪያ ወደየትኛው ትሄዳለች?» ነው። «መጀመሪያ» ካልተባለ ኳሱ በመጨረሻ የሚገኝበትን ሳጥን የሚያሳይ ልጅ አልተሳሳተም። ሁለቱም አሻንጉሊቶች ሴት ከሆኑ «ትሄዳለች» የተባለችው የትኛዋ እንደሆነች ይምታታል፤ አንዱን ከበደ ማለት ይቀላል። ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሚነገር የሰሜን ሸዋ ልጆችማ በዚያው በቤታቸው ቋንቋ ካልተጠየቁ የሚለካው አማርኛቸው ነው።

ዝምታውንና ማቀርቀሩን በተመለከተ፦ በትልቅ ሰው ፊት ዓይን አለማንሳት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እንደ ጉድለት ነጥብ ሊያስቀንስ አይገባም። መልሱን የሚያውቅ እንግዳ ሰው መልሶ ሲጠይቀውም ግራ የሚጋባ ልጅ ብዙ ነው።

እንዲደገምለት ይጠይቁ፤ በሌላ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርሱን በልቶ፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው። መርማሪው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብሮት ይጫወት። በጣት ማሳየትም መልስ ነው። ከዋናው ጥያቄ ጋር «ኳሱ አሁን የት ነው?» እና «አልማዝ መጀመሪያ የት አስቀመጠችው?» መጠየቅ አለባቸው፤ እነዚህን ከሳተ ታሪኩ አልተያዘለትም ማለት ነውና ያ ሙከራ አይቆጠርም። ቦታው ሁለት በመሆኑ በግምት የመምታት ዕድሉ ግማሽ ነው፤ በሦስት የተለያዩ ታሪኮች ሁሉንም በግምት መምታት ግን ከ8 አንድ ይሆናል። መልሱን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቢመዘግቡት ደግሞ አንዱ «አላወቀም» ያለውን ሌላው «አፈረ» ብሎ ጽፎት ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ልዩነት መታየት አለበት።

ፈተናውን ትተን፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ነገር በጣቱ እያመለከተ የማያሳይ፣ የማስመሰል ጨዋታ የማይጫወት፣ የነበረው ንግግር የጠፋበት፣ ወይም ትንሽ የልማድ ለውጥ ክፉኛ የሚረብሸው ከሆነ ሳይዘገዩ ደብረ ብርሃን ወርደው ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት። ከሁሉ በፊት ጆሮው ይመርመር፤ በደንብ የማይሰማ ልጅም እንዲህ ያለውን ፈተና ይወድቃል። ሲሄዱ የፈተናውን ወረቀት፣ የክትባት ካርዱን፣ እንዲሁም ከእኅቱ ጋር ሲጫወት በስልክ የተቀረጸ የ2 ወይም 3 ደቂቃ ቪዲዮ ይያዙ።