በስሙ አልበም የሌለው ቤዝ ተጫዋች

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ለገጣፎ ሲሆን ቤዝ ጊታር መለማመድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አስተማሪዬ ዘወትር «ጀምስ ጀመርሰንን ስማ» ይለኛል፤ ሆኖም በስሙ የወጣ አልበም ፈልጌ አጣሁ። ሰውየው ማን ነው? የትኞቹን ሥራዎቹንስ ልስማ?
አንባቢያችሁ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ አልበሙን ያጡት ጀመርሰን ዕድሜውን በሌሎች ዘፈን ውስጥ የፈጀ የስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋች ስለ ነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በደቡብ ካሮላይና ተወልዶ በ1954 ወደ ዲትሮይት ከመጣ በኋላ፣ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ኮንትራባስ ትምህርት ቤት ሳለ ተማረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሞታውን ለተባለው ሸክላ አሳታሚ መቅዳት ጀመረ፤ ማታ ማታ ግን በጃዝ ቤቶች መጫወቱን አልተወም። በ1960ዎቹ የሞታውን ዘፈኖች ዓለምን ሲያዳርሱ የድምፃውያኑ ስም በየሸክላው ላይ ሲታተም የእርሱ አይጻፍም ነበር። ስሙ በጉልህ የተጻፈለት በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ላይ ነው።

እኛም ዘንድ ቢሆን ካሴቱ ላይ የምናገኘው ድምፃዊውን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ ቢበዛ የባንዱን ስም ነው። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረውን የጆቫኒ ሪኮን እጅ ለዓመታት ስንሰማ ኖረን ስሙን የምናውቀው ስንቶቻችን ነን?

ወደ አጨዋወቱ ስንመለስ፣ ጀመርሰን የኤሌክትሪክ ቤዙን ክሮች የሚመታው በቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ነበር፤ ይህም ከኮንትራባስ የመጣ ልማዱ ነው። ክሮቹም ለስላሳ ሽፋን ያላቸው ሲሆኑ፣ ካልተበጠሱ በቀር አይቀይራቸውም ነበር፤ ስለዚህ ድምፁ አጭርና ድፍን ሆኖ ከከበሮው ጋር ይዋሐዳል። (ክር አለመቀየር ብቻውን ጀመርሰንን እንደማያደርግ ግን ከራሴ ልምድ ልመሰክር እችላለሁ።)

በመጀመሪያ የቴምፕቴሽንስን የ1964 ዘፈን «ማይ ገርል»ን ይስሙ፤ ከጊታሩ ቀድሞ ቤዙ ለብቻው ስለሚገባ አይስቱትም። ከዚያ የፎር ቶፕስን የ1967 «በርናዴት» ያስከትሉ፤ በዚህ ዘፈን ቤዙ ከድምፃዊው ጋር ሲመላለስ ይሰማል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን አይሞክሩት፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ስለሚርገበገብ፣ ያች ትንሽ ማጉያ ይህን ድምፅ ጨርሶ አታወጣውም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይዋሱ።

ሞታውን በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ጀመርሰንም ተከትሎት ሄደ፤ ነገር ግን እንደ ዲትሮይቱ አልቀናውም፤ መጠጥም ጎድቶት በ1983 በ47 ዓመቱ ዐረፈ።

ለልምምድዎ «ማይ ገርል»ን በአንድ ጣት ይጀምሩት፤ «በርናዴት»ን ለከርሞ ያቆዩት።