ቶከላው ራሱን የቻለ አገር ነው ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ አገር አይደለም፤ የኒውዚላንድ ግዛት ነው። አታፉ፣ ኑኩኖኑ እና ፋካኦፎ የሚባሉ ሦስት የኮራል ደሴቶች ናቸው። መሬቱ ተደማምሮ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ከሳሞዋ ዋና ከተማ ከአፒያ በመርከብ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ ስትደርስም መርከቡ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌለ ሰውም ዕቃም በትንሽ ጀልባ ነው ወደ ዳር የሚወጣው።

እኔን አንጀቴን የሚበላኝ የ1863ቱ ነው (በፈረንጆች ነው የምቆጥረው)። ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ጉልበት ያላቸውን ወንዶች ጭነው ሄዱ። አብዛኞቹ አልተመለሱም።

የቶከላው ሰዎች ራስን ለማስተዳደር በ2006 እና በ2007 ድምፅ ሰጥተዋል። ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር። በሁለተኛው ዙር የጎደለው 16 ድምፅ ብቻ ነው!