ነጩ ጠጠርና ቢጫው ቅጠል

ጥያቄ፦ «ባለ 500 ሊትር የዓሣ ገንዳ አለኝ። አንድ በርሜል ለሁለት ሰንጥቄ ሁለት የማብቀያ መደብ ሠርቻለሁ፤ የሞላኋቸውም በሚያምር ነጭ ጠጠር ነው። የገንዳው ውሃ በፓምፕ ወደ መደቦቹ ወጥቶ ይመለሳል፤ አትክልቱም ከዓሣው ኩስ ይመገባል። ዓሦቹ ደህና ናቸው። ሰላጣውና ቆስጣው ግን ከላይ ከላይ ቢጫ እየሆነ አስቸገረኝ። መኖ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። ፒኤቹን (የውሃውን አሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ለማውረድ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ ሁለት ቀን ይቆይና ይመለሳል። ምን ላድርግ? የትኛው ጠጠር ይሻላል?»

መልስ፦ የፒኤቹን ቁጥር፣ የውሃውን ሙቀትና የዓሦቹን ብዛት አልነገሩንም። ደብዳቤዎ ውስጥ ግን ሦስት ቃላት አሉ፤ «ነጭ»፣ «ከላይ ከላይ» እና «ይመለሳል»። ሦስቱን ስገጣጥማቸው ጠጠርዎ የኖራ ድንጋይ ወይም የእምነ በረድ ስብርባሪ ነው እላለሁ። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግን ይህንን ነው።

ናይትሮጅን ያጠረው ተክል መጀመሪያ የሚቢጨው ከታች ነው፤ ካረጀው ቅጠል እየነቀለ ለአዲሱ ይሰጣል። ብረት እንዲህ አይዘዋወርም። አንዴ ከገባበት ቅጠል ስለማይወጣ እጥረቱ የሚታየው አዲስ በሚወጣው ላይ ነው። ከላይ አንድ ለጋ ቅጠል ቀንጥሰው ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት። ሥጋው ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው ከቀሩ የብረት እጥረት ነው። የኖራ ድንጋይ በውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟና ፒኤቹን 8 አካባቢ ይዞ ያቆየዋል፤ በዚያ ፒኤች ደግሞ ብረት ቢኖር እንኳ ሥሩ ሊወስደው በማይችለው መልክ ይዘቅጣል። ስለዚህ መኖ መጨመሩ ቅጠሉን አይጠቅመውም፤ የሚጨምረው ከዓሣው ኩስና ከተረፈ መኖ የሚወጣውን አሞኒያ ነው። ፒኤች 8 ላይ ከአሞኒያው መርዛማ የሆነው ድርሻ ፒኤች 7 ላይ ካለው 10 እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ «ዓሦቹ ደህና ናቸው» ያሉት ለጊዜው ነው። መኖውን ወደ ቀድሞው መጠን ይመልሱ።

ሎሚውን ደግሞ ዛሬውኑ ያቁሙ። በየደብዳቤው የሚመጣ ልማድ ነውና ትንሽ ብቆጣ አይክፋዎት። አሲዱ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ፒኤቹ ድንገት ይወርዳል፤ ውሃው በጠጠሩ መካከል ሲያልፍ ድንጋዩ አሲዱን ያከሽፈዋል፣ አሲዱም ድንጋዩን ይበላዋል። በየሳምንቱ ሎሚ በጨመሩ ቁጥር ተጨማሪ ኖራ እያሟሙ ነው ማለት ነው። የተረፈውን የሎሚ ጭማቂ ባክቴሪያ ሲበላው ውሃው ይደፈርሳል፣ ኦክስጅንም ከዓሣው ይሻማል። ዓሣ ከፍ ያለ ፒኤችን በጊዜ ይለምዳል፤ ድንገተኛ መውጣትና መውረዱን ነው የማይችለው።

ጠጠሩን ከመንካትዎ በፊት ጥርጣሬዬን በጥቂት አቼቶ ያረጋግጡ። ከመደቡ ከተለያየ ቦታ፣ ከላይም ከሥርም፣ 10 ያህል ጠጠር ያውጡ። አንድ ብቻ አይበቃም፤ ክምር ውስጥ የተለያየ ድንጋይ ይደባለቃል። በመዶሻ ሰንጥቀው አዲሱ ገጽ እንዲታይ ያድርጉ፤ የቆየው ገጽ በዝቃጭ ስለተሸፈነ ያታልላል። የተሰነጠቀውን ብርጭቆ ውስጥ አድርገው እስኪሸፍነው አቼቶ ያፍሱበትና ጆሮዎን ያስጠጉ። ኖራ ከሆነ በቀስታ ይንሿሿል፤ ደቃቅ አረፋም ከአንድ ነጥብ እንደ ክር ሽቅብ እየተሰካካ ለደቂቃዎች ይወጣል። ምንም ካልታየ ትንሽ ፈጭተው ዱቄቱ ላይ ጠብ ያድርጉበት፤ ማግኒዥየም ያለበት የኖራ ድንጋይ በደንብ የሚንተከተከው ዱቄት ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ደረቁን አቼቶ ውስጥ ሲገባ ቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ይወጣና አረፋ ይመስላል፤ ጥሩው ድንጋይም «ወደቀ» ተብሎ ይጣላል። መጀመሪያ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ አቼቶውን ጠዋት ያፍሱበት። ያኔ የሚወጣው አረፋ የድንጋዩ ነው።

የውሃው ምንጭ ራሱ ኖራማ ከሆነ ደግሞ ጠጠር መቀየር ብቻውን አያድንዎትም። ሁለት ባልዲ ላይ አንድ ዓይነት ውሃ ይሙሉ፤ አንዱ ውስጥ ጠጠሩን እስከ ግማሽ ይጨምሩ፣ ሌላው ባዶውን ይቀመጥ። ከ5 ቀን በኋላ የሁለቱን ፒኤች ያወዳድሩ። ባለ ጠጠሩ ብቻ ከፍ ካለ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው። ሁለቱም 8 ከሆኑ ገንዳውን በዝናብ ውሃ እየደባለቁ መሙላት ይኖርብዎታል።

አሁን ወደ ምርጫው። የድንጋይ ውበት ለግቢ መንገድ እንጂ ለማብቀያ መደብ መስፈርት አይደለም፤ ነጭና የሚያብረቀርቅ ጠጠር ሲያዩ እንዲያውም ይጠራጠሩ። ርካሹና ተመራጩ ከእሳተ ገሞራ የሚገኘው፣ ብዙዎች ቀይ አሽ የሚሉት ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ነው። ክብደቱ ከተራ ጠጠር በግማሽ ገደማ ይቀላል፤ ቀዳዳው ሁሉ አሞኒያን ተክሉ ወደሚመገበው ናይትሬት ለሚለውጡት ባክቴሪያዎች ቤት ይሆናል። እሱ ካልተገኘ የጥቁር ድንጋይ ወይም የግራናይት ጠጠር አቼቶውን ካለፈ ይሠራል፤ ክብደቱን የሚሸከም ጠንካራ እግር ግን ይሥሩለት። የተጋገረው የሸክላ እንክብል ለእጅም ለሥርም የተመቸ ነው፣ ዋጋው ግን ለጓሮ አይመከርም። አሸዋ ፈጽሞ አይሆንም።

መጠኑ ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ8 በታች ሲሆን የዓሣው ኩስ በመካከሉ ይደፈንና መደቡ ሥር አየር ያጣል፤ እጅዎን ሲያስገቡ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ዝቃጭ የሚያገኙት ያኔ ነው። ከ20 በላይ ሲሆን ችግኝ አይቆምበትም። ሁለት የሽቦ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ባለ 20ው ትልልቁን ያስቀራል፣ ባለ 8ቱ ደቃቁን ያሳልፋል። ከመንፋትዎ በፊት ክምሩን ውሃ ይርጩት፤ የቀይ አሽ አቧራ ለሳንባ አይበጅም። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ጓንት ያድርጉ። የእርስዎ ግማሽ በርሜል ከ4 እስከ 5 ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይይዛል፤ በወንፊቱ የሚቀረውን አስበው ለአንዱ መደብ 7 ባልዲ ይግዙ።

አጠባው ላይ አይስነፉ። «ውሃው ሲዘዋወር ራሱ ያጥበዋል» ብሎ ያልታጠበ ቀይ አሽ የሞላ ሰው ገንዳው ለሳምንታት ቀይ ጭቃ ይሆንበታል፤ ደቃቁ የዓሣውን መተንፈሻ ስንጥብ ያቆስላል፣ ፓምፑንም ይበላል። ከግማሽ ባልዲ በላይ በአንድ ጊዜ አይጠቡ። ጠጠሩን ሥሩ የተበሳ የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ አድርገው፣ ቅርጫቱን ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከሩ በኃይል ያናውጡ፤ ውሃውን ይድፉና ይድገሙ። 5 ወይም 6 ዙር ይወስዳል። የሚበቃው ከሳፋው በብርጭቆ ቀድተው ሥሩን ማየት ሲችሉ ነው። ተንሳፍፎ የሚቀረውን ይጣሉት፤ ሳይፈኑን፣ ማለትም መደቡ ሲሞላ ውሃውን ወደ ገንዳው የሚመልሰውን ቧንቧ፣ የሚደፍነው እሱ ነው። ሳሙናና በረኪና አይድረሱበት። በመጨረሻም 24 ሰዓት ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ።

መለወጡ ላይ ደግሞ አይቸኩሉ። ነጩ ጠጠር ጥፋተኛ ቢሆንም ባክቴሪያዎችዎ የሚኖሩት እሱ ላይ ነው፤ ሁለቱን መደብ በአንድ ቀን ከገለበጡ አሞኒያው ዓሦቹን ይፈጃቸዋል። አንዱን መደብ ብቻ ያራግፉ። ካሮጌው ጠጠር 5 ሊትር ያህል ሳያጥቡ በሽንኩርት መረብ ከረጢት አድርገው፣ ውሃው በሚገባበት ጥግ አዲሱ ጠጠር መካከል ይቅበሩት፤ ባክቴሪያዎቹ ከዚያ ይራባሉ። ውሃው በጣም ሲሞላ ከጠጠሩ ገጽ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም የሳይፈኑን ቧንቧ ይቁረጡ፤ ላዩ እርጥብ ከሆነ አልጌ ያበቅላል፣ የችግኙም አንገት ይበሰብሳል። መኖውን ለ4 ሳምንት በግማሽ ይቀንሱ፤ ወቅቱ ብርድ ከሆነ 6 ሳምንት ይጠብቁ። አሞኒያውም ናይትራይቱም (አሞኒያው ናይትሬት ከመሆኑ በፊት የሚያልፍበት መርዛማ መልክ) ከ1 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ሆነው ከረጉ ሁለተኛውን ይቀጥሉ። ለዚያኛው የሚቀብሩት ከረጢት ግን ከአዲሱ መደብ የተወሰደ ይሁን፤ የኖራውን ከረጢት ያኔ ያወጡታል።

እስከዚያው ቅጠሉን ለማቆየት ከፍ ባለ ፒኤች የሚሠራውን፣ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) ከተባለ፣ ብረቱን እንዳይዘቅጥ ከሚይዝ ውህድ ጋር የታሰረውን ብረት ይጠቀሙ። 6 በመቶ ብረት ካለው ዱቄት 17 ግራም ለ500 ሊትርዎ ይበቃል። ውሃው ቢቀላ አይደንግጡ። ኢዲቲኤ (EDTA) የሚለውን ግን አይግዙ፤ በእርስዎ ፒኤች ላይ ብረቱን ይለቀዋል።

ነጩን ጠጠር ሁሉንም አይጣሉት፤ አንድ ባልዲ ያስቀሩ። ኖራው ከወጣ በኋላ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ራሱ ውሃውን ቀስ በቀስ አሲዳማ ያደርገዋል፤ ከ6 በታች ሲወርድ ደግሞ እነሱው ይደክማሉ። በየሳምንቱ ይለኩ። 6.2 ሲደርስ ከነጩ ጠጠር 1 ኪሎ በመረብ አስረው ገንዳው ውስጥ ያንጠልጥሉ፤ 6.8 ላይ ያውጡት።