ከማሳው እስከ ድስቱ፦ ስለ ፕሮቲን ለጠየቃችሁኝ

ስለ ምግብ ይዘትና ደኅንነት፣ ነገ ፕሮቲን ከየት እንደምናገኝም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ሥራዬ እህልና ጥራጥሬ መመርመር ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሥጋ ከተውኩ ቆየሁ። የዕፅዋት ፕሮቲን ጎደሎ ነው እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነት ነው?

አይፍሩ። ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ክፍሎች ነው፤ ከእነሱ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ዘጠኝ አሉ፤ ከምግብ ነው የምናገኛቸው። ስንዴና በቆሎ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ላይሲን አላቸው፤ የሚያጥራቸው ሜቲዮኒን ነው። አንዱ የሌላውን ይሞላል ማለት ነው። የግድ በአንድ ማዕድ መቅረብ የለባቸውም፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱንም መብላት ይበቃል። ለጤነኛ አዋቂ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ከሆኑ 50 ግራም ገደማ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ወተትና እንቁላልም ከተዉ ቫይታሚን ቢ12 በኪኒን ወይም በተጨመረበት ምግብ መውሰድ አለብዎት።

ጥያቄ፦ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የፕሮቲን ግራም ይታመናል?

ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ነው የጠየቅከው። ብዙ ጊዜ ላብራቶሪው የሚለካው ፕሮቲኑን ሳይሆን በውስጡ የሚገኘውን ናይትሮጅን ነው። ያገኘውን በ6.25 ያባዛና ፕሮቲን ብሎ ይጽፋል። መለኪያውን በ1883 ያወጣው ዮሃን ኬልዳል የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ነው። እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ግን ቀዳዳ አለው። በ2008 ቻይና ውስጥ ውኃ የተቀላቀለበት ወተት እንዳይነቃበት ሜላሚን ጨመሩበት። ሜላሚን ለፕላስቲክ ሥራ የሚውል፣ ናይትሮጅን የሞላበት ኬሚካል ነው። ምርመራው ፕሮቲን ያለ አስመሰለው። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ስድስቱ ሞቱ። ኩላሊታቸው ውስጥ ጠጠር ሠርቶ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ሁሉም ፕሮቲን እኩል አይፈጭም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ለዚህ ሲባል በ2013 አዲስ አለካክ እንዲሠራበት መክሯል፤ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ትንሹ አንጀት መጨረሻ እስኪደርስ ምን ያህሉ ሰውነት ውስጥ እንደገባ የሚያይ ነው።

ጥያቄ፦ ቀይ ቦሎቄ ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ሠርቼ ቤተሰቡ በሙሉ አስመለሰው። ተበላሽቶ ነው?

አይዞሽ እህቴ፣ ላይበላሽም ይችላል። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ አራት አምስት ፍሬ ብቻ ሊያስመልስ ይችላል። እንዲህ ያለው ድስት ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ሌክቲኑን አያጠፋውም። እንዲያውም ለብ ብሎ የበሰለው ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ውኃውን ድፊው፣ በአዲስ ውኃ እየተንተከተከ አፍዪው። 10 ደቂቃ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ 30 እላለሁ። ከፍታ ቦታ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ጊዜው መርዘም አለበት። የቆርቆሮው ቦሎቄ የተቀቀለ ስለሆነ ለዚህ አያሰጋም።

ጥያቄ፦ የሻገተ ኦቾሎኒ ለይቼ ብጥልና የቀረውን ብቆላው ችግር አለው? የተጣለውንስ ለላም ብሰጥ?

ለሁለቱም መልሴ አታድርገው ነው። በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ ምክንያት አለቁ። ሲጣራ መኗቸው የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ የታወቀው በዚህ ነው። ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ግን አይሞትም። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በዓይን ንጹሕ የሚመስለው ፍሬም ሊኖርበት ይችላል። የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ላሚቱ ከበላችው በወተቷ በኩል ወደ ቤትህ ይመለሳል። መፍትሔው ከድስቱ በፊት ነው፦ ቶሎ ማድረቅ፣ ባዶ መሬት ላይ አለማስጣት፣ እርጥቡን አለማከማቸት።

ጥያቄ፦ ነፍሳት መብላት ያዋጣል?

ያዋጣል፣ ሰውም በብዙ አገር ይበላል። ሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ሰውነቱ ለሁለቱም በአንድ ዓይነት ሊቆጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ በላብራቶሪ የሚያድግ ሥጋ ላይ ልሥራ ወይስ ሌላ?

የላብራቶሪው ሥጋ ደስ የሚል ሳይንስ ነው። ሲንጋፖር በ2020 ለሽያጭ ፈቅዳለች። ምርጫው የእኔ ቢሆን ግን ወደ ጥራጥሬ እመልስሃለሁ። ጥራጥሬ ሥሩ ላይ ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ ማዳበሪያ ይቆጥባል። በ2018 የወጣ፣ በ119 አገሮች ወደ 38,700 እርሻዎችን ያካተተ ጥናት በአካባቢ ላይ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው የእንስሳት ምርት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዕፅዋት አቻው የበለጠ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳይቷል።

ታዲያ ሰው ለምን ብዙ ጥራጥሬ አይበላም? አንዱ ምክንያት አልበስል ማለቱ ነው። ሞቃትና እርጥብ ቦታ የቆየ ቦሎቄ ይደነድናል፤ ሰዓታት ቢቀቀልም አይለሰልስም። ማገዶ ይጨርሳል፣ ሰዉም ይተወዋል። ከዚህ ጀምር። የአንድ ዓመት ምርት ለሁለት ክፈልና ግማሹን ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ግማሹን ሞቃትና እርጥብ ቦታ አስቀምጥ። በየወሩ ከሁለቱም እየቀቀልክ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝግብ። ስድስት ወር ሲሞላህ ውጤቱን ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።