የሕግ ምክር፦ ያስገጠምኳቸው ቦርዶች እየተበላሹ ነው፣ ወርክሾፑን መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ ጠያቂው ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ፎገራ ላሉ ሽንኩርት አምራቾች የውሃ ፓምፕ የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ራሱ ዲዛይን አድርጎ አዲስ አበባ ያለ ወርክሾፕ 60 ፍሬ ገጥሞ አስረክቦታል። አሁን ማይክሮኮንትሮለሩ (ቦርዱን የሚያዘው ዋናው ቺፕ) በየመሃሉ ሪሴት ያደርጋል፣ ማለትም ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፣ የባትሪውን ቮልት ቀንሶ 3.3 ቮልት የሚሰጠው ሬጉሌተር የሚባለው ቺፕ ይግላል፣ 17 ቦርድ ተመልሶበታል። "ፎርጅድ ቺፕ ነው የገጠሙልኝ፣ ብሬን ማስመለስ እችላለሁ?" ይላል።

ወንድሜ፣ ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። ወርክሾፑ ዕቃውን ከራሱ አምጥቶ ከገጠመልህ ነገሩ ሽያጭ ነው፣ ሻጭ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2287 ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው። ቺፑን አንተ ገዝተህ እነሱ ሶልደር ብቻ ካደረጉ (ቦርዱ ላይ ከበየዱት) ግን በቁጥር 2610 የሥራ ውል ይሆናል፣ መንገዱም ሌላ ነው፣ ስለዚህ ማን ምን እንዳቀረበ የሚያሳየውን ደረሰኝ ፈልግ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን (813/2006) ተስፋ አታድርገው፣ እሱ ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ ለሚገዛ ሰው ነው፣ አንተ መልሰህ ልትሸጥ ነው የገዛኸው።

አሁን ወዳልነገርከኝ ነገር ልምጣ። ገበሬዎቹ በጥር መደወል ጀመሩ ትላለህ፣ ወርክሾፑን ደግሞ "ከፋሲካ በኋላ ነገርኳቸው" ትላለህ። በመሃል ያሉት ወራት የት ሄዱ? መጨረሻ ላይ "ሬጉሌተሩን ስቀይረው አንዳንዶቹ ሰሩ" ብለህ አልፈሃታል፣ እኔን ያስጨነቀችኝ እሷ ናት።

የእጅ ሙያ ያላቸው ደንበኞቼ ሁሌ የሚወድቁት እዚች ጋ ነው፣ መጀመሪያ ይነቅላሉ ከዚያ ይደውላሉ። ቁጥር 2291 ገዢ ዕድሉን እንዳገኘ ይመርምር ይላል፣ 2292 ደግሞ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠቅሶ ለሻጩ ያሳውቅ። ያላሳወቀ መብቱን ሊያጣ ይችላል። የተጠረጠረውን ቺፕ በሆት ኤር (ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ) አንስተህ ደህና ቦርድ ላይ ስታስቀምጠው ችግሩ አብሮት ከሄደ ቺፑ ነው፣ እዛው ከቀረ ሌላ ቦታ ነው፣ ይሄ እንደ ቴክኒክ ትክክል ነው። ፍርድ ቤት ግን የወርክሾፑ ጠበቃ ተነስቶ "ከእኛ ሲወጣ ይሰራ ነበር፣ በሙቀት ያቃጠለው እሱ ነው" ሲል ምን ትመልሳለህ? ከመንካትህ በፊት የተነሳ ፎቶ አለህ? የነቀልካቸው ሬጉሌተሮችስ የት ናቸው? ቆሻሻ ውስጥ ጥለሃቸው ከሆነ ዛሬውኑ ፈልጋቸው፣ የምሬን ነው።

ሌላም አለ። ቦርዱ ከሶላር ባትሪ ነው የሚሰራው ብለሃል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥመኝ የማማክረው መሐንዲስ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይሄንን ነው፣ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ እየተሞላ እያለ እስከ 14.4 ይደርሳል፣ ሬጉሌተሩ ኤኤምኤስ 1117 የሚባለው ዓይነት ከሆነና ቦርዱ 150 ሚሊአምፒር ከሳበ ከ3.3 የሚተርፈው 11.1 ቮልት እዛች ትንሽ ዕቃ ላይ ወደ 1.7 ዋት ሙቀት ይሆናል፣ ሙቀቱን የሚበትንላት በቂ መዳብ ቦርዱ ላይ ከሌላት አትችለውም፣ ስትግል ራሷን ትዘጋለች ማይክሮኮንትሮለሩም ሪሴት ያደርጋል። እንዲህ ከሆነ ቺፑ ፎርጅድ አይደለም፣ ዲዛይኑ ነው፣ ዲዛይኑ ደግሞ ያንተ ነው። የራስህን ስኬማቲክ (የሰርኪዩት ንድፍ) ይዘው ነው የሚመጡብህ። ስለዚህ "ፎርጅድ" የምትለውን ቃል ሳይመረመር የትም አትጻፍ።

አሁን ሶልደሪንግ አይረኑን አስቀምጠው። ያልነካሃቸውን የተበላሹ ቦርዶች ለየብቻ አሽጋቸው፣ ቺፑ ላይ ያለውን ጽሑፍና ዴት ኮድ (መቼ እንደተመረተ የሚያሳየውን ቁጥር) በቅርብ ፎቶ አንሳ። ምርመራውን አንተ አታድርገው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ካሉት የኤሌክትሪካል መምህራን በጽሑፍ ውጤት የሚሰጥህ ሰው ጠይቅ፣ ወርክሾፑም ተወካይ እንዲልክ በደብዳቤ ጥራው፣ ባይመጣ እንኳ መጥራትህ ይጠቅምሃል። በስልክ ከተናገርክ ዛሬ በጽሑፍ ድገመው፣ በቴሌግራምም ላከው፣ የኤሌክትሮኒክ መልእክት በአዋጅ 1205/2012 ዋጋ አለው። ንግግሩን እንዳታጠፋው ብቻ። ደግሞ ቁጥር 2298 ካሳወቅክበት ቀን አንድ ዓመት ነው የሚሰጥህ፣ ያ ከፋሲካ በኋላ የደወልከው ስልክ እንደ ማሳወቂያ ከተቆጠረ ዓመቱ ከዛ ጀምሮ እየሄደ ነው፣ ሽምግልና እያሉ ቢያጓትቱህ ቀኑን አይጠብቅልህም።

የፎገራ ገበሬዎችን ነገርም በአንድ መስመር ማለፍህ ልክ አይደለም። ለእነሱ ሻጩ አንተ ነህ፣ ያው 2287 አንተንም ይይዝሃል፣ ውሃ ያጣ ሽንኩርት ደግሞ ኪሳራው ከቦርዱ ዋጋ በላይ ነው። ማን መቼ እንደደወለ፣ ለማን ምን እንደቀየርክ ጻፍ፣ የሚሰራ እስክታገኝ ፓምፑን በእጅ እንዲያበሩት ንገራቸው።

ወርክሾፑን የምትጠራበትን ደብዳቤ ከመላክህ በፊት ውሉን፣ ደረሰኙን፣ ስኬማቲኩንና የቴሌግራም ንግግሩን ይዘህ እዛው ባሕር ዳር ያለ ጠበቃ ጋ ሂድ። የቀየርካቸውን ቦርዶችም አትደብቅ፣ የትኞቹን እንደነካህ የትኞቹን እንዳልነካህ ለይተህ ጻፋቸው፣ ክርክሩ ባልነካሃቸው ላይ ነው የሚቆመው።